በለጠች ያጠራችው ውሃ

ከመተማ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ለሰሊጥ አረም የሚመጣ የጎንደር ሰው ሁሉ አንድ ቀን የበለጠችን ወጥ ቀምሷል። ጨው በዛበት ያላትን "በላብህ ይወጣል" ብላ ታልፈዋለች። እኔ አክሊሉ እባላለሁ፤ ወፍጮ ቤት አለኝ፤ ጎረቤቷ ነኝ። መንደራችን ከባሱንዳ በስተምሥራቅ፣ አትባራ ወንዝ ዳር ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከበለጠች ጋር ስንጨቃጨቅ ኖረናል። የምጽፈው ስለማከብራት ነው፤ ይህን ግን እሷ ባትሰማ ይሻላል።

የተወለደችው ደጋ ነው፣ ወደ አትባራ የሚወርደው አንገረብ ወንዝ ከሚነሣበት ተራራ ሥር። ደጋ ስል ገብስ እንኳ በግድ የሚበቅልበት፣ ከዚያ በላይ አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦና ጅባራ ብቻ የሚታይበት ማለቴ ነው። በግ ያላቸው ሰዎች በየበጋው አዲስ ሣር እንዲወጣ ብለው አስታውን ያቃጥሉ ነበር። ሣሩስ ወጣ። አፈሩን የያዘው ሥር ግን እያለቀ ሄደና አንድ ክረምት ጎርፍ የበለጠችን ማሳ ጠራርጎ ወሰደው። ባሏ ከሞተ ዓመት አልሞላውም ነበር። እሷም ማሳዋን ተከትላ ወረደች። ለምን ሱዳን መጣሽ ሲሏት "አፈሬ ቀድሞኝ ገባ፤ እኔ ብቻዬን እዚያ ምን ልሠራ?" ትላለች። ሰው ይስቃል። እሷ አትስቅም።

ወንድሟ ስንሻው እዚያው ቀረ። ከሦስት ዓመት በፊት ተራራውን የሚያጠኑ ምሁራን መጡና ጫፉ ከከብትና ከእሳት ቢከለል አስታው ይመለሳል አሉ። ሰው በምሁር ቃል ብቻ በጉን አይሸጥም። ስንሻው ግን በየቤቱ ዞሮ፣ ለምኖ፣ ተጣልቶ አሳመነ። ውሉ ለሦስት ክረምት ነው፤ ለውጥ ከሌለ ክልሉ ይፈርሳል፣ ስንሻውም በአደባባይ ይጠየቃል። ከሁሉ በላይ ያኮረፉት ብዙ በግ የሸጡት አያ ይታያል ነበሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ የስንሻውን ሰላምታ አልመለሱም።

ዳሊያ ወደ ታሪኩ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። ካርቱም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ታስተምር የነበረች፣ ጦርነቱ ሲመጣ በአንድ ሻንጣ ገዳረፍ የደረሰች ሱዳናዊት ናት። ከተራራው አጥኚዎች ጋር የምትሠራው በስልክ ነው፤ ድርሻዋም ወንዙ የሚያወርደው ጭቃ ነው። የተቃጠለ አስታ ከሰሉ በክረምት ጎርፍ ይወርዳል፤ በማጉሊያ መነጽር ሲታይም ከቆላ እንጨት ከሰል ይለያል አለችን። ከሰሉ ከቀነሰ ተራራው ላይ እሳት ቀንሷል፣ አፈሩም ባለበት መቆየት ጀምሯል ማለት ነው። ሁለቱን ክረምት ራሷ እየመጣች የወንዙን ውሃ ቀዳች። በሦስተኛው ነዳጅም መንገድም ጠፋ። ስለዚህ ሃያ ስምንት ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ለበለጠች ትታላት ሄደች፤ አሥራ አራት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለቴ። በለጠች እንዳትረሳው ብላ ረቡዕና ዓርብን መረጠች፤ ጾም አይረሳም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የእኛ ጉድ ከጠባ በኋላ ነው የመጣው። በመስከረም መጨረሻ ዳሊያ በጭነት መኪና ተሳፍራ ደረሰች። በለጠች ጀሪካኖቹን በግድግዳው ሥር ደርድራ፣ አቧራቸውን ጠርጋ ጠበቀቻት። ዳሊያ አንዱን ከፍታ በብርጭቆ ቀዳች። ውሃው ጥርት ያለ ነው። ሁለተኛውን ከፈተች፣ ሦስተኛውንም። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ።

በለጠች ኮራ ብላ አስረዳች። ከወንዙ የቀዳችውን ዚር በሚሉት ትልቅ የሸክላ እንስራ ታሳድረዋለች። ሲዘቅጥ ላይ ላዩን ቀድታ በንጹሕ ነጠላ ታጠልለዋለች። በክረምት እዚህ አገር ለእንግዳ ውሃ የሚቀርበው እንዲህ ነው፤ ድፍርስ ውሃ ለእንግዳ የሰጠች ሴት ስሟ ከመንደር አይጠፋም። ለተማረች ሰው፣ ኡስታዛ ለሚሏት መምህርት ደግሞ እንዴት አድርጋ ጭቃ ትስጣት?

ዳሊያ ቀስ ብላ፣ እንደ አክስት እየጠራቻት፣ "እንዳለ አኑሪልኝ፣ አትቸገሪ ብየሽ አልነበረም ወይ፣ ኻልቲ?" አለቻት።

"እንግዳ ሁሉ አትቸገሪ ይላል፣ ኡስታዛ። እሽ ብላ የተቀመጠች ባለቤት ግን አይቼ አላውቅም" አለች በለጠች።

ይህን ወደ ዓረብኛ ስመልስ መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። ዳሊያ አልጋው ላይ ተቀመጠችና የሚፈለገው ያ የተጣለው ጭቃ እንደነበረ ነገረቻት። ያለሱ ሦስተኛው ክረምት ባዶ ነው። ሦስተኛው ክረምት ከሌለ ደግሞ ለተራራው ሰዎች የሚነገር ነገር የለም። በለጠች የወንድሟ ነገር ወዲያው ገባት። እኔም በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የምተርባት ነገር አጣሁ።

ዳሊያ ተስፋ ሳይኖራት፣ ዝቃጩን የት ትደፊው ነበር ብላ ጠየቀች። በለጠች ወደ ጓዳ ገባችና ክዳን ያለው ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ይዛ ወጣች። አንዱን ዝቃጭ ጨምራ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ በላዩ ሌላውን እየጨመረች ክረምቱን ሙሉ አጠራቅማዋለች። ለምን እንደሆነ ስትጠየቅ አፈረች። ምናልባት የማሳዬ አፈር ይኖርበት ይሆናል ብዬ መድፋት አቃተኝ አለች።

ዳሊያ ጣሳውን በመቀስ ከላይ እስከ ታች ቀደደችው። ጭቃው እንደ ድርብ ቂጣ ተነባብሮ ቆሟል፤ ጎርፍ የበዛበት ቀን ወፍራም፣ ያነሰበት ቀን ስስ። ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች። ሃያ ሰባት ሆነ። ደግማ ቆጠረች፤ ሃያ ሰባት። ጀሪካኑ ሃያ ስምንት ስለሆነ ሁለት ስስ ንብርብር ተጣብቀው ይሆናል አለችና ደብተሯ ላይ ሃያ ስምንት ብላ ጻፈች። በለጠች እግሯን ታይ ነበር። እኔም ከድካም ነው ብዬ አለፍኩት።

ዳሊያ ጣሳውን እንደ ሕፃን አቅፋ ወደ ገዳረፍ ተመለሰች። ጥቅምት ሲያልቅ ውጤቱን ይዛ መጣች። ከሰሉ ከመጀመሪያው ክረምት ግማሽ አይሞላም። እሷ ጠንቃቃ ናት፤ ሦስት ክረምት ጥቂት ነው፣ ምልክቱ ግን ደግ ነው አለች። የተራራው ሸንጎ በዚያው እሑድ ነበር። ሦስታችንም ባሱንዳ ገበያ፣ ኢንተርኔት በሰዓት ከሚያከራየው ሱቅ ገብተን ደወልን። ስንሻው ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ በሽማግሌዎቹ መካከል አስቀመጠው። ዳሊያ ተናገረች፣ እኔ አስተረጎምኩ። ከወዲያ ማጉረምረም ተሰማ፤ የደስታ ይመስላል።

ከዚያ አያ ይታያል ውሃውን የቀዳው ማን ነው ብለው ጠየቁ። በለጠች መሆኗን ሲሰሙ ስልኩን ስጧት አሉ።

"ሃያ ስምንቱንም ቀን አንች ነሽ የቀዳሽው?"

በለጠች ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። የሱቁ ማራገቢያ ሲዞር ይሰማኛል። አዎ ማለት ብቻ ነበረባት፤ ጻድቅ እንኳ ቢሆን በዚያች ሰዓት አዎ ቢል አልፈርድበትም።

"አንዱን ዓርብ አልቀዳሁም፣ አያ ይታያል" አለች። "ወንዙ ሞልቶ ነበር፣ ፈራሁ። ቁጥሩ እንዳይጎድል ብዬ አንዱን ጀሪካን ከዶንኪ፣ ከጉድጓድ ውሃ ነው የሞላሁት። የወንዙ ሃያ ሰባት ነው።"

እያፈርኩ ለዳሊያ አስተረጎምኩ። በልቤ በለጠችን ረገምኳት። ማን ያውቅባት ነበር? ከተራራው የስንሻው ሳል ብቻ ተሰማ።

"የወንድምሽ ነገር በዚህ ላይ እንደቆመ ታውቂያለሽ?" አሉ ሽማግሌው።

"አውቃለሁ።"

"ለሱ ስትል ትዋሻለች ብዬ ነበር" አሉ። ይህን ያሉት ለእሷ ሳይሆን አጠገባቸው ለተቀመጡት ነው። "እንግዲህ ሃያ ሰባቱን አምኛለሁ። ክልሉ አይፍረስ፤ ሁለት ክረምት ጨምሩበት።"

ብዙ ሰው አንድ ላይ አወራ። በመካከል ስንሻው "እታለም" ብሎ ጀመረና መጨረስ አልቻለም። በለጠች በደንብ ልበስ፣ ሳልህን ሰምቻለሁ ብላ ተቆጣችው። ስልኩ ሲዘጋ ግን የሱቁ ደረጃ ላይ ተቀምጣ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ዳሊያ አጠገቧ ተቀመጠች። ደብተሯን አውጥታ ሃያ ስምንትን ሰረዘች፤ ሃያ ሰባት ጻፈች። ከጎኑ፣ የቀዳው ሰው ስም በሚጻፍበት ባዶ ቦታ ላይ፣ በለጠች ብላ በዓረብኛ ጻፈች።