የቀረሶዎቹ ፓምፕ

የልጅ ልጄ ከገዛው የመስታወት የዓሣ ገንዳ ሥር ትንሽ ፓምፕ ስታንሾካሹክ ሰማሁና ከወንበሬ ተነሣሁ። «አይስጉ አባባ፣ መብራት አትፈጅም» አለኝ፣ ሊያስተምረኝ። እኔን! አባቱ እንኳ ሳይወለድ፣ በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ባሕር ዳር እንዲህ ያለችውን መርጬ የገጠምሁት እኔ ነኝ። ሞተር እየፈታሁ ራሴን ያስተማርሁ ሰው ነኝ።

ሐይቁ ዳር አንድ የዓሣ ምርምር ክፍል ነበር። ጠዋት ጠዋት የደንገልና የናፍጣ ሽታ ተቀላቅሎ በመስኮቱ ይገባል። ከአዲስ አበባ የተመደበች ተመራማሪ ከጣና ያስመጣቻቸውን ቀረሶ የሚባሉ ዓሦች በመስታወት ገንዳ ታኖር ነበር። ውሃው ከገንዳው ይወርዳል፤ አሸዋ በሞላ በርሜል ተጣርቶ በፓምፕ ይመለሳል። ፓምፑ የሚሠራው በጄኔሬተር ነው፤ ናፍጣው ደግሞ በራሽን። የወሩ ድርሻ ቀድሞ ካለቀ ዓሦቹ ይሞታሉ፤ የዓመት ሥራዋም አብሮ።

ግምጃ ቤቱ ውስጥ ሁለት ፓምፖች ነበሩ። የክፍሉ ኃላፊ «ትልቁን ግጠም» አለ። እኔ ግን ሁለቱንም ሞከርሁ። ሰዓት ስላልነበረኝ በከንፈሬ አቡነ ዘበሰማያት እየደገምሁ ባልዲው እስኪሞላ ቆጠርሁ። ትልቁ አንዱን ሳልጨርስ ሞላ፤ ትንሿ በሁለት ተኩል።

«ለዓሦቹ ስንት ይበቃል?» አልኋት ተመራማሪዋን።

አስልታ «በሦስት ቢሞላም ይበቃል፤ ብቻ ጸሎቱን አታፍጥነው» ብላ ሳቀች።

ለትንሿ ፓምፕ ናፍጣ የማይፈጀው ትንሹ ጄኔሬተር ይበቃታል። እሷን ገጠምሁ። ውሃው ጠብ፣ ጠብ አለ።

ኃላፊው ብቅ ብሎ «ጓድ መካኒክ፣ የገጠምኸው ፓምፕ ነው ወይስ የእጅ ማስታጠቢያ?» አለኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። የሞከርኋት መሬት ላይ ነበር፤ የገንዳው አፍ ግን ከደረቴ በላይ ነው። ቀረሶዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። አፍሬ ትልቁን ላመጣ ስዞር ተመራማሪዋ ባልዲ አነሣች።

«እኔ እየቀዳሁ አቆያቸዋለሁ። አንተ አስብ።»

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቀዳች፤ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሶ ነበር። እኔም በርሜሉን ድንጋይ ክቤ ከፍ አደረግሁት፤ የተጠማዘዘውን ቱቦ ጥዬ ወፍራምና ቀጥ ያለ ገጠምሁ። ባልዲውን ገንዳው አፍ ላይ ያዘችልኝ፤ እኔ ደገምሁ። ሦስተኛውን ሳልጨርስ ሞላ።

«አሜን!» አለች ጮክ ብላ።

ኃላፊው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ምን አላችሁ?»

«ሠራ አልን፣ ጓድ።»

ናፍጣው ወሩን ዘለቀ። ኃላፊው ትንሿ እንደምትበቃ ማን እንዳወቀ ሲጠይቅ «እሱ ነው። ከመጀመሪያውም ያውቅ ነበር» አለችው። እኔም ስንት ዘመን እንደዚያው አወራሁት፤ ባልዲውን ሳልጠቅስ።

በዓመቱ ዝውውር መጣላት። በጎርጎራ በኩል ወደ ጎንደር ልትሄድ፣ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ወደቡ ድረስ አትሸኘኝም?»

«ፓምፑን ማን ይጠብቃል?» አልኋት፣ በኩራት።

ቱቦውን አየችው፤ እኔንም አየችኝ። ከዚያ ወጣች። የጀልባው ጥሩንባ ሲነፋ በርሜሉ አጠገብ ቆሜ ነበር።

ያቺ ፓምፕ ጠባቂ አትፈልግም ነበር። ይህን ከእኔ ሌላ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።