በአቶ ሰይድ ኪስ ውስጥ ያለው ትምህርት ቤት

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆችን ከትምህርት የሚለያቸው የኔትወርክ እጦት ነው ይባላል። አይደለም። ይህን የሚሉት ሰዎች ኔትወርክ ባለበት አዳራሽ ተሰብስበው፣ ምሳ በልተው ነው። እኔ የስምንተኛ ክፍል ትምህርት በድምፅ የተቀዳባቸው ሚሞሪ ካርዶች ይዤ፣ በማለዳ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ ተሳፈርኩ። ካርዶቹ ምሥራቅ ወለጋ ውስጥ ባሉት ጊዳ አያናና ኪራሙ በግጭት ትምህርት ቤታቸው ተዘግቶ ነቀምቴ ለተጠጉ ልጆች ናቸው። ካርድ ኔትወርክ አይለምንም፤ የቁልፍ ስልክ ውስጥ ከገባ ያስተምራል።

ባኮ

እስከ አምቦ መንገዱ ደህና ነበር። ከዚያ ወዲያ ሹፌራችን እያንዳንዱን ጉድጓድ እንደ ዘመድ እያወቀ ዞረው። ባኮ ላይ ማንጎ በላሁ። ከከተማው ወጣ እንዳልን ለፍተሻ ወረድን። ወታደሩ ካርዶቹን መዳፉ ላይ ዘርግቶ ምንድን ናቸው አለኝ።

«ሒሳብ።»

«የምን ሒሳብ?»

«የስምንተኛ ክፍል።»

አንዱን ስልኩ ውስጥ ከትቶ ከፈተው። ተሳፋሪው ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ስለ እኩልታ ተማረ።

«እኔም የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው» ብሎ ካርዱን መለሰልኝ።

ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ ሰፈር

የተቀበሉኝ አዴ ጫልቱ የሚባሉ መምህርት ናቸው፤ እሳቸውም ከጊዳ አያና ተፈናቅለው የመጡ። በቀጥታ ዘፈን ጫኚ ሱቅ ወሰዱኝ። ራሳቸው በኦሮምኛ የቀዱትን ማብራሪያ ካርዶቹ ላይ አስጨመሩ፤ በየትምህርቱ መካከልም አንዳንድ ዘፈን አስገቡ። ልጅ ሒሳብ ብቻ ከሆነበት ይዘጋዋል፣ አሉኝ።

ከዚያ ዘይነባ የምትባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ቤት ሄድን። ከኪራሙ ስትሸሽ ትምህርቷ ተቋርጧል። የዘንድሮውን ፈተና ካላለፈች በአጎቷ ሱቅ ውስጥ እንድትቀመጥ ተወስኗል። ቤቱ ውስጥ ያለው ስልክ አንድ ነው፤ እሱም ቀኑን ሙሉ አባቷ አቶ ሰይድ ኪስ ውስጥ ይውልና ባትሪው አልቆ ይገባል። ስለ ሴት ልጅ ትምህርት ልሰብካቸው ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ወላጆቻቸው ከወሎ የመጡት አቶ ሰይድ ቀደሙኝ።

«ወላሂ፣ ልስጣት እያልኩ ነው የማድረው። ግን ሥራዬ ጭነት ነው፤ መኪና የሚያስጭን ሰው የሚደውለው በዚችው ነው። ካልተደወለልኝ ምን በልታ ትማር?»

ስብከቴን ዋጥኩት። አዴ ጫልቱ ወደኔ ዞሩ።

«ኦቦ፣ እርስዎ ስንት ስልክ ይዘዋል?»

«ሁለት።»

«ሁለተኛው ምን ይሠራል?»

የመጀመሪያው ባትሪ ሲያልቅ እንደሚያገለግል አስረዳሁ።

«እሱም ሲያልቅስ፣ ሦስተኛ አለዎት?» አለች ዘይነባ።

ስልኩን ሰጠኋት። ካርዱን ራሷ ከተተችው። መጀመሪያ ዘፈን መጣ። «እለፊው፣ ወደ ትምህርቱ» አሏት አባቷ።

አዲስ አበባ

የተመለስኩት በአንድ ስልክ ነው፤ እስካሁን ምንም አልጎደለብኝም። አዴ ጫልቱ ዘንድ ግን ካርድ ተሰጥቷቸው የሚከቱበት ያጡ ልጆች ቀርተዋል፤ ፈተናው ደግሞ አይጠብቃቸውም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ነው፦ እነዚህ ልጆች ስልክ እንጂ የእኛ ጉባኤ አያስፈልጋቸውም።

አንተም አንባቢዬ፣ አስተያየትህን ያዘው። መሳቢያህን ክፈት፤ እዚያ የተኛውን አሮጌ ስልክ ከነቻርጀሩ ለአዴ ጫልቱ እንዲያደርስ ነቀምቴ ለሚሄድ ሰው አስይዝ። የተሰበረ አትላክ።