የስቶቬ ሽቦ

ፈረስ መጋላ ላይ የጥገና ሱቅ የከፈተው ልጅ ፊዚክስ ያስተማርኩት ተማሪዬ ነበር። የሰፈሬ ሰው ዕቃ በተበላሸበት ቁጥር "እሱ ጋ ውሰዱት፣ የኔ ተማሪ ነው" እያልኩ የምልከው እኔው ነኝ።

ባለፈው ክረምት የኤሌክትሪክ ስቶቬ ማብሪያ ተበላሸና ወሰድኩለት። ሠርቶ ከመለሰልኝ በኋላ ስቶቩ ይሞቃል፤ ውሃ ግን አልፈላ አለኝ። ስነግረው "ቲቸር፣ ቮልቴጁ ወርዶ ነው። እዚህ ጁገል ውስጥ መብራቱ አቅም የለውም" አለኝ። አመንኩት። ሻይ እስኪፈላ አጠገቡ ቆሜ መብራቱን ስረግም ከረምኩ።

አንድ ጠዋት ነደደኝና ከጎረቤቴ መለኪያ ተዋስኩ። ቮልቴጁ ሙሉ ነው፤ ሁለት መቶ ሃያ። ኮረንቲው ግን አምስት አምፔር ብቻ። ቮልቴጁን ለኮረንቲው ሳካፍል ሬዚስታንሱ አርባ አራት ኦም መጣ፤ ሁለቱን ሳባዛ ደግሞ ኃይሉ አንድ ሺህ አንድ መቶ ዋት። ስቶቩ ጀርባ ላይ የተጻፈው ሁለት ሺህ ነው። ደህናውን ሽቦዬን አውጥቶ ደካማ ሽቦ ከቶልኛል! ቮልቴጅ ምን እንደሆነ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያሳየሁትን ሴትዮ፣ እኔኑ፣ በቮልቴጅ ያታልለኝ?

ስቶቩን ተሸክሜ ሱቁ ሄድኩና ፊቱ አስቀመጥኩት። ስሌቱን አንድ በአንድ ነገርኩት። አልካደም። እንደ ድሮው፣ ጥያቄ እንዳቃተው ተማሪ አንገቱን ደፋ።

"ይቅርታ ቲቸር" አለኝ። "እርስዎ የላኩልኝ ሰዎች እኮ አንዳቸውም ለክተው አያውቁም።"