ባሱ የቆለለው ድንጋይ

ይሄን መጀመሪያ የነገረኝ በቅሎ ጫኙ ሞሓ ነው። ሞሓ ከበቅሎው ዕድሜ በቀር በምንም አይዋሽም፤ አንዴ ሊሸጥልኝ ሲል ጥርሷን ገልጬ አይቼ ገበያ መሀል አሳፍሬዋለሁ። በከብት ጥርስ እኔን የሚያታልል ገና አልተወለደም። ተዉት ብቻ፣ ወደ ባሱ ልመለስ።

ባሱ ዕድሜውን በአዝሩ የዝግባ ደን እንጨት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው። ካረጀ በኋላ ከዋና ከተማው ከራባት አንዲት አጥኚ መጣች። የዛፍ ሽበት፣ ያ እንደ ሽማግሌ ጢም ከቅርንጫፍ የሚንጠለጠለው፣ የት የት እንደቀረ ልመዝግብ አለች። የሽቶ ነጋዴዎች እየላጩ ጨርሰውት ነበር።

"ከተመዘገበ ይጠበቃል። በረዶው ሲቀልጥ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ዛፎቹን ይፈልጉልኝ" አለችው።

ባሱ ደስ አለው፤ በሱ ዕድሜ እንዳይጠፋ ይሰጋ ነበራ። መጻፍ ግን አያውቅም። እዚያ አገር ሰው 'ይሄ ቦታ አይነካ' ሲል ድንጋይ ይቆልላል፤ አግዳል ይሉታል፣ ደፍሮ የሚያልፈው የለም። ስለዚህ ሽበት ባለበት ዛፍ ሥር ሁሉ ቆለለ። ድንጋይ የሚያቀብለው አማቹ አቃ ነበር፣ የልጁ የቱዳ ባል።

"አባባ፣ ይሄ ሁሉ ልፋት ለዛፍ ጢም?"

"ላንተ ጢም ማን ይለፋል? አምጣ ባክህ ድንጋዩን።"

ይሳሳቃሉ። ባሱ ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ያን ክረምት ያገኘ መስሎት ነበር።

በረዶው ቀለጠ፣ አጥኚዋም መጣች። ባሱ ፊት ፊት እየሄደ መራት። የመጀመሪያው ዛፍ እንደ ተላጨ ራስ ሆኗል። የሚቀጥለውም እንደዚያው። ድንጋዩ አለ፣ ሽበቱ የለም። አጥኚዋ የምትመዘግበው አጥታ ቆመች።

የሽቶ ነጋዴዎቹን ጆንያ የጫነው ሞሓ ነበርና ነገሩን እሱው አወጣው። አቃ ገንዘብ ተቀብሎ ለላጮቹ "ድንጋይ ያያችሁበትን ላጩ" ብሏቸዋል።

ባሱ አማቹ ቤት ሄደ። "አንተ ነህ?"

"አራስ ቤት ናት ልጅዎ፤ ምን ላብላት? ደሞ ድንጋዩን የቆለሉት እርስዎ ነዎት፣ አባባ።"

ባሱ ዞሮ ወጣ።

የመንደሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ፈረዱ። አግዳል የጣሰ ሙክት አርዶ መንደሩን ያበላል። አቃ ጋ ያለችው የቱዳ አንዲት የወተት ፍየል ናት። እሷን ሊወስዱ ሲነሱ ባሱ የገዛ በጉን እየጎተተ መጣና ገመዱን አስረከባቸው።

"ለበዓል እተካልዎታለሁ" አለ አቃ አንገቱን ደፍቶ።

"በጉን ምሬሃለሁ" አለው ባሱ። "በጉን ብቻ።"