ቀን የተኛ ሰው

የያዙኝ ተኝቼ ነው። ጅማ፣ መንደራ ሰፈር የተከራየኋት ክፍል ውስጥ፣ ጠዋት፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርጄ። የቡና ማበጠሪያ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነበርኩ። ስገባ አቧራዬን ታጥቤ፣ ሻይ ሳልነካ፣ ዓይኔን በሻሽ ሸፍኜ ሁልጊዜ በዚያው ሰዓት እተኛለሁ። ያለዚያ የሌሊት ሠራተኛ አይከርምም፤ አንድ ቀን እጁን ማሽን ይበላዋል።

የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ግን ሌላ ታየው። «ቀን የሚተኛ ሰው ሌሊት ምን ሲሠራ ያድራል? መስኮትስ ምን ለመደበቅ ነው የሚጋረደው?» አለኝ። ማበጠሪያው ውስጥ እንደማድር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ራሱ ያውቃል። እስቲ ፍረዱኝ፣ እንቅልፌ ወንጀል ሆነ። ሻሹ አንገቴ ላይ እንዳለ ነዱኝ።

ያስገቡኝ ሄርማታ ገበያ አጠገብ፣ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ የቡና መጋዘን ነው። የጆንያው ሽታ አልለቀቀውም። ሰው ከመብዛቱ የተነሳ ሌሊት የምንተኛው በተራ ነበር፤ ግማሹ ሲጋደም ግማሹ ይቆማል። ቀን መተኛት ደግሞ ክልክል። ለምን? ማን ይነግርሃል!

እዚያ አንድ የሄርማታ ልብስ ሰፊ ነበሩ፣ ሽማግሌ ሰው። የሚፈለግ ልጃቸው ተሰውሮ፣ መርማሪዎቹ «የት ደበቅከው?» ይሏቸዋል፤ የአባታቸውን እኩያ «አንተ» እያሉ። ማታ ማታ እየወሰዱ ወንበር ላይ ያስቀምጧቸዋል። አይመቷቸውም፤ ዓይናቸውን ሲከድኑ መቀስቀስ ብቻ ነው። ጠዋት ሲመልሷቸው ቀን ነውና አሁንም መተኛት የለም። አንድ ጠዋት ግድግዳ ተደግፈው ከልጃቸው ጋር ሲያወሩ ሰማኋቸው። ልጁ አጠገባቸው የለም። ደሜ ፈላ።

ወዲያው ነቃ አሉና እጄን ያዙ። «ልጄ፣ ምላሴ የኔ አይደለም። ዛሬ ማታ ከወሰዱኝ ያለበትን እነግራቸዋለሁ። ያ ረቢ፣ እነግራቸዋለሁ።»

«አሁን ይተኛሉ፣ አባባ።»

«በቀን?»

«በቀን መተኛት የኔ ሙያ ነው» አልኳቸው።

ከቤት የመጣላቸውን ሻይ ነጠቅኳቸው። ተቆጡ፤ አልመለስኩም። ጥግ ላይ ጋቢያቸውን አነጠፍን፣ በሻሼ ዓይናቸውን ሸፈንኩ። ከከምባታ ለቡና ለቀማ የመጣ አንድ ጴንጤ ኮቱን አውልቆ እግራቸው ላይ ጣለ፤ እግር ካልሞቀ እንቅልፍ እንደማይመጣ ነግሬው ነበር። የቀረው ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ። ወሬ ቆመ።

እኩለ ቀን ሳይሆን ጠባቂው ገባ። ማንኮራፋት ሰማ።

«ማነው የተኛው?»

ተነሳሁ። «ሌሊት ሥራ ላይ ነበሩ፣ ጓድ። ፈረቃቸውን ጨርሰው ነው።»

«የምን ሥራ?»

«እናንተ ያሠራችኋቸው።»

ሊያልፍ ሞከረ፤ ከተቀመጡት አንድ ሰው እንኳ አልተነሳለትም። ንዴቱን እኔ ላይ ተወጣ። በጥፊ አጩሎ አወጣኝና ደጅ ጠጠር ላይ፣ ፀሐይ ላይ አንበረከከኝ። ጉልበቴ ሲደማ በክፍቱ በር ማንኮራፋታቸው ይሰማኛል። እያረርኩ ደስ አለኝ።

ማታ ወሰዷቸው። ጠዋት ሲመለሱ እግራቸው ይጎተታል፣ ዓይናቸው ግን የራሳቸው ነበር። «አልሀምዱሊላህ፣ አልነገርኳቸውም» አሉኝ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው በኦሮምኛ «ጀባዱ፣ በርታ» አሉኝ፤ ከዚያ ራሳቸው ጋቢያቸውን አነጠፉና ሻሹን ጠየቁኝ።

ኋላ ለቀቁኝ፤ ይቅርታ ያለኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም። እኔም አልረሳሁም። አሁን ልጄ የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት። ጠዋት ስትገባ መስኮቷን በብርድ ልብስ ጋርጄ በርጩማዬን በሯ ላይ አደርጋለሁ። ባለፈው አንድ የቀበሌ ሰው ለስብሰባ ሊጠራት መጣና «ምነው፣ በጠራራ ፀሐይ ትተኛለች እንዴ?» አለኝ።

«ፈረቃዋን ጨርሳ ነው» አልኩት። ከበርጩማዬም አልተነሳሁለትም።