እናትነሽ ያመጣችው ውኃ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ይዛ ጎንደር ቤቴ መጣች። የሚቆጠሩና የማይቆጠሩ ስሞችን ለዩ ይላል። ሰልችቷት ስታዛጋ ባየኋት ጊዜ «እኔ በጨዋታ ነበር የማስተምረው» አልኳት። «እስኪ አሳዪኝ» ስትለኝ ግን ደብተሯን አንሥቼ ማገላበጥ ጀመርኩ። ያንን ጨዋታ ለመጨረሻ ጊዜ ያጫወትኩት ከድብ ባሕር በላይ፣ ተራራ ሥር ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ሳስተምር፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።

ትምህርት ቤቱ ከገደሉ ሥር የተሠሩ ሦስት የጭቃ ክፍሎች ነበሩት። ያን ዓመት ዝናቡ ከግንቦት ጀምሮ አላባራም፤ መንገዱ ማኪና አያሳልፍም፣ የክፍሉ ወለል እርጥብ ቆዳ ይሸታል። ልጆቹ ሕጉን እንደ ዳዊት ይደግሙታል፤ ሲናገሩ ግን ዱቄቱንም እንቁላሉንም ለሚቆጠር ብቻ በሚሆነው «ሜኒ» ነው የሚሉት። ስለዚህ ከየቤታችሁ አንዳንድ ነገር አምጡ አልኳቸው። የሚቆጠረው በቀኝ፣ የማይቆጠረው በግራ ይቀመጣል፤ የተሳሳተ ቡድን ይሸነፋል።

በማግስቱ እንቁላል፣ ሽንኩርት፣ ጨው፣ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ መጣ። ስንዴ ይቆጠራል አይቆጠርም ብለው ሊደባደቡ ደረሱ። እናትነሽ የምትባል ዝምተኛ ልጅ ደግሞ በጠርሙስ ውኃ ይዛ መጣች፤ እንደ ጠላ አተላ የደፈረሰ ነው። ከምንጫችን ነው፣ እስከ ትናንት ወዲያ ጥሩ ነበር አለች። ልጆቹ ሳቁባት። እኔም ፈገግ ብዬ በግራ አስቀምጪው አልኳትና ቀጠልኩ።

ሁለተኛው ዙር ደጅ ነበር። ሌሎቹ ድንጋይና ቅጠል ይዘው እየሮጡ መጡ። እናትነሽ ባዶ እጇን ተመልሳ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ቲቸር፣ ስንጥቅ ይቆጠራል?»

«የምን ስንጥቅ?»

«ከላይ፣ እርሻችን ላይ ያለው። ሰኞ አንድ ነበር፤ አሁን አራት ሁኗል።»

ተከትያት ወጣሁ። አንደኛው ስንጥቅ ውስጥ እጄን ብሰድ እስከ ክርኔ ገባ። ነፋስ ሳይኖር ጠጠር ብቻውን ይንከባለላል። አያቷ አያ ሞላ ከማሳው ዳር ቆመው ሽቅብ ያያሉ።

«ልጄ፣ ምንጩ ደፍርሶ መሬቱ ሲሰነጠቅ ሸጋ አይደለም» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ምነው ቆምሽ? ልጆቹን ይዘሽ ከወንዙ ማዶ ተሻገሪ።»

ርእሰ መምህሩ ፈተና ሦስት ቀን ቀርቶት በስንጥቅ ምክንያት ትምህርት አይቋረጥም አሉ። ገና በሙከራ ላይ ያለሁ አስተማሪ ነበርኩና ፈራሁ። ቢሆንም የእኔን ክፍል አስነሣሁ። ሌሎቹ ልጆች በመስኮት አይተው ተከተሉን፤ በመጨረሻ እርሳቸውም እየተቆጡ መጡ። እናትነሽ አያቷን ብትለምናቸው፣ በሬዎቹን ፈትቼ እመጣለሁ አሏት።

ማዶ ሆነን ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ከዚያ ተራራው ከውስጡ አጉረመረመ። አመጣጡ የቸኮለ አይመስልም ነበር፤ ማሳው ከነአጥሩ፣ ከነዛፉ ቁልቁል ተንሸራቶ ትምህርት ቤቱን ዋጠው።

አያ ሞላ አልተመለሱም። በሬዎቹ ግን ተፈትተው ኖሮ ማምሻውን ብቻቸውን ወንዙን ተሻገሩ። እናትነሽ አላለቀሰችም። የአንደኛውን ቀንድ ይዛ እስኪጨልም ቆመች።

አገሩ ልጆቹን ያተረፈች ብሎ መረቀኝ። ውኃውን እንዳየሁ ጠይቄ ቢሆን ሽማግሌው ጊዜ ይተርፋቸው እንደነበር ለማንም አልተናገርኩም።

ለልጅ ልጄ ሌላ ጨዋታ ፈጠርኩላትና ሥራዋን ጨረሰች። እናቷ፣ ልጅ ያለሽን ሁሉ ታምኛለሽ እያለች ትስቅብኛለች። እውነቷን ነው። ልጅ አንድ ነገር አየሁ ሲለኝ የያዝኩትን አስቀምጬ፣ ጉልበቴን እያመመኝም ቢሆን ሄጄ አያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አላገኝም፤ ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ።