ጥርስ የምታየዋ ሴትዮ

አደን በሚከፈትበት ቅዳሜ ጠዋት አሜሪካ ውስጥ ያለው የኛ የዊስኮንሲን ገጠር ነዳጅ ማደያ አጋዘን በጫኑ ፒክአፖች ይጨናነቃል። የታደኑትን አጋዘኖች ዕድሜ ለመንግሥት የምትመዘግበው ሴትዮ ብርቱካናማ ኮፍያዋን እስከ ቅንድቧ ደፍታ ከመኪና መኪና ትዞራለች። ስሟን የጠየቃት የለም። አዳኞቹ የሚኮሩበትን ቀንድ ዞር ብላ አታይም፤ የሞተውን አጋዘን አፍ ፈልቅቃ፣ ባትሪ አብርታ፣ የመንጋጋ ጥርሱን አይታ ዕድሜውን ትናገራለች። ስትናገር ሁልጊዜ በአንድ እጇ አፏን ትሸፍናለች።

የሰፈራችን አዳኝ ኤልዉድ ስድስት ዓመት ሙሉ ያሳደደውን አጋዘን ገድሎ ሲመጣ ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ቀንዱ ጣት ቢያክል ነው።

«አንተ፣ ግልገል ገድለህ መጣህ እንዴ!»

«ዝም በሉ! ራሱ ነው! እትዬ፣ እስቲ ይዩልኝ።»

አጎንብሳ በሁለት እጇ መንጋጋውን ከፈተች። ጥርሱ እስከ ድዱ አልቋል።

«አስር ዓመት ተኩል!» ብላ ጮኸች። «ቀንዱን ያሳነሰው እርጅና ነው እንጂ ልጅነት አይደለም! ሠላሳ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ሽማግሌ አላየሁም!»

ግቢው በጩኸት ተናጋ፤ ኤልዉድ ኮፍያውን ወደ ሰማይ ወረወረ። እሷም ከት ብላ ሳቀች። ሁለቱም እጆቿ አጋዘኑን ስለያዙ አፏን የምትሸፍንበት አልነበራትም። ያኔ አየን፤ ከፊት አንድም ጥርስ የላትም።

«ምን ታፈጣላችሁ?» አለች ሳቋ ሳያባራ። «የኔንም ዕድሜ በጥርሴ ገምቱ እንጂ!»